የበዓለ ሃምሳ እሸት ለማን ነው?

የጰራቅሊጦስ ዕለት ብዙዎቻችን የምናስበው የመንፈስ ቅዱስን መውረድ ነው። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡበት ያ ቀን ግን አስቀድሞም በዓል ነበር። አይሁድ ከፋሲካ ጀምረው ሰባት ሳምንት ይቆጥሩና በሃምሳኛው ቀን የስንዴያቸውን በኩራት ለእግዚአብሔር ያቀርቡ ነበር። በግዕዝ በዓለ ሰዊት ይባላል፤ ሰዊት እሸት ማለት ነው። ቤተ እስራኤላውያንም በጎንደር አካባቢ ሲኖሩ «ማእረር»፣ ማለትም መከር፣ እያሉ አክብረውታል።

ደገኛ ከሆኑ ነገሩ ግር ሊልዎት ይችላል። በደጋው እሸት የሚበላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ጰራቅሊጦስ በሚውልበት በግንቦት ወይም በሰኔ ጎተራው ይጎድላል እንጂ አይሞላም። በአዋሽ ሸለቆ ግን ሌላ ነው። በአሚባራ በመስኖ የሚለማው ስንዴ ኅዳር ገደማ ተዘርቶ በየካቲትና በመጋቢት ይታጨዳል። አዋሽ ሰባት ወይም ሰመራ ለሚኖር ክርስቲያን፣ ፋሲካና አዲስ ስንዴ ተቀራርበው የሚመጡበትን የመጽሐፍ ቅዱስ አገር መገመት አይከብደውም።

ዘሌዋውያን 23ን ገልጠው ይመልከቱ። በዓሉ ሁለት ትእዛዝ አለው። አንደኛው፣ ከአዲሱ ስንዴ ሁለት እንጀራ ጋግሮ ማቅረብ ነው። የፋሲካው ቂጣ እርሾ የለውም፤ ይህኛው ግን እንደ ቤታችን ዳቦ እርሾ የገባበት ነው። ሁለተኛው ወዲያው ይከተላል፦ ስታጭድ የማሳህን ዳር አትጨርስ፣ የወደቀውንም ቃርሚያ አትልቀም፤ ለድሃና ለመጻተኛ ተወው። እግዚአብሔር ያለ ድሃው ድርሻ በዓሉን አላዘዘም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2ም እንዲሁ ነው። መንፈስ ቅዱስ ወረደ፣ 3,000 ያህል ሰዎች ተጠመቁ፤ የቤተ ክርስቲያን እሸት እነዚህ ናቸው። ምዕራፉ የሚያበቃው ግን አማኞቹ ያላቸውን እየሸጡ ለተቸገረው በማካፈላቸው ነው። የማሳው ዳር ወደ ቤታቸው ገባ ማለት ነው።

በደመወዝ የምንኖር ሰዎች ማሳ የለንም፤ ዳር ግን አለን። በገበያና በሽያጭ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ «ከተረፈ» ተብሎ የታሰበ በጀት አይተርፍም። በኩራት ማለት ደግሞ የቀረው መከር ምን ያህል እንደሚሆን ሳይታወቅ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ደመወዝ የገባ ዕለት፣ ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ በፊት፣ ትንሽም ቢሆን ለይተው ያስቀምጡ። መጠኑን ከልጆችዎ ጋር ይወስኑ።

ለማን? በእነዚህ ከተሞች መጻተኛ ሩቅ አይደለም። ለቀን ሥራ ከደጋ የመጣ ወጣት አለ፤ በጅቡቲ መንገድ መኪናው ተበላሽቶበት የቆመ ሾፌር አለ፤ በዓሉን ከወላጆቿ ርቃ የምትውል የቤት ሠራተኛ አለች። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አፋር ጎረቤትዎስ? ሙስሊም መሆኑ ከድርሻው አያስወጣውም። እንዲያውም በእሱ አገር እንግዳ ሆነን የተቀበለን እኛን ነው።

አሰጣጡም ትምህርት አለው። የማሳው ባለቤት ድሃውን ቤቱ ድረስ ጠርቶ አልመጸወተውም፤ ዳሩን ተወለት፣ እሱም በገዛ እጁ ቃረመ። እርስዎም ሲሰጡ የተቀባዩን ክብር ይጠብቁ፤ ፎቶ አያስነሱት፣ ለጎረቤት አያውሩ።

ለኦርቶዶክሳውያን በጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሰኞ፣ የሰኔ ጾም ይገባል። ከገበታ የሚቀነሰው የሥጋና የወተት ወጪ ዘንድሮ የማን ድርሻ እንደሚሆን ከጾሙ በፊት ከቤተሰብዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ።