የዘፈኖች ደረጃ

አንባቢዬ ሆይ፤ እርስዎም ተማሪ ሳሉ የዓመቱን ዘፈኖች በደብተር ጀርባ በደረጃ ጽፈው ያውቁ ይሆናል። እኔ የ2010 ዓ.ም.ን ጽፌአለሁ። አንደኛ ያደረግሁት ከሮፍናን «ነፀብራቅ» አልበም አንዱን ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ምት ከአገር ቤት ዜማ ጋር ሲጋጠም ለጆሮዬ አዲስ ነበርና። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጓደኞቼ ስለ ጨፈሩበትም ነው። ለብቻዬ ስሆን የማዳምጠውን፣ ከቤቲ ጂ «ወገግታ» አልበም የወሰድሁትን ግን ሰባተኛ ጣልሁት።

በዚያው ወር እናቱ የሞተችበት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ አንድ የትዝታ ዘፈን ጨምርልኝ ቢለኝ «የዘንድሮ አይደለም» አልሁት። ሕግ አክባሪ መሆኔ ነበር!

ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ላስቀምጥ ሣጥን ብከፍት ደብተሩን አገኘሁት። ሰባተኛውን ወደ አንደኛ አወጣሁ። የትዝታው ዘፈን ግን የማን እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር፤ ትዝታን ያልዘፈነ ዘፋኝ ደግሞ ጥቂት ነው። አሁን የጓደኛዬን ስልክ እያፈላለግሁ ነው።