ስለ በረዶና ስለ አመዳይ

ብርቱ በረዶ ከጣለ በኋላ ከእምድብር ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የጉራጌን ተራሮች ነጭ ኩታ የለበሱ መስለው ያገኛቸው ይሆናል። ታዲያ በውጭ አገር እንደሚደረገው በዚያ ላይ በስኪ መንሸራተት ይቻላልን?

አይቻልም፤ በረዶና አመዳይ አንድ አይደሉምና። በረዶ ማለት በነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ የውኃ ጠብታ በነፋስ ወደ ላይ እየተገፋ፣ ግግር እየደራረበ ጠጠር ሆኖ ሲወርድ ነው፤ ወዲያውም ይቀልጣል። አመዳይ ግን በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ከእንፋሎት የሚሠራ፣ እንደ ባዘቶ የሳሳ ነው። ወራት ሙሉ ሳይቀልጥ ሲከማች ረጅሙ የስኪ ጣውላ የሰውን ክብደት ስለሚያከፋፍል ሳይሰጥም ይንሸራተታል። አዲስ አበባ ተወልዶ ይህን ስፖርት በአሜሪካ የተማረው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በኢጣልያ፣ በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው ነው።

በእኛ ተራራ በረዶ የሚያወርደው ደመና ግን መብረቅም ያወርዳል። ስለዚህ ለመስቀል ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ከሸንተረሩ ፈጥኖ መውረድና ከብቸኛ ዛፍ ሥር አለመጠለል እንደሚገባ ለእረኞች አስረዱልን።