ዳይሬክቶሪ ፋይል አይይዝም



«ፋይሉ ዳይሬክቶሪው ውስጥ ነው» እንላለን። በዩኒክስና እንደ ሊኑክስ ባሉ መሰሎቹ ይህ አባባል ለንግግር ቢመችም እውነት አይደለም። እኔም ስሕተቱን የተረዳሁት መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ደንግጬ ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ የጥናቴን መረጃ ከባልደረቦቼ ጋር በምንጋራው ዳይሬክቶሪ አስቀምጬ፣ እኔን ጨምሮ ማንም እንዳይለውጠው የመጻፍ ፈቃዱን አነሣሁ። አንድ ቀን ጠዋት ፋይሉ የለም። ቦታ ለማስለቀቅ የፈለገ ባልደረባዬ አጥፍቶታል። ኮምፒዩተሩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀው፤ እርሱም አዎን አለ፤ በቃ።

የመሥሪያ ቤቶቻችንን መዝገብ ቤት አስቡ። ዶሴው በመደርደሪያ ላይ በቁጥሩ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው መዝገብ ግን ስምና የዶሴ ቁጥር ብቻ ይዟል። ዳይሬክቶሪ ማለት ይህ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው እትም ዩኒክስ እያንዳንዱ የመዝገብ መስመር 16 ባይት ነበር፦ 2ቱ ለቁጥሩ፣ 14ቱ ለስሙ። በዚያ እትም ከ14 ፊደል የረዘመ የፋይል ስም ያልነበረው ስለዚህ ነው። ባለቤቱን፣ መጠኑን፣ ፈቃዶቹንና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የት እንዳለ የሚያውቀው አይኖድ የተባለው ሌላ ሰነድ ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ ደግሞ ስም የለም።

እንግዲህ ፋይል ማጥፋት ከመዝገቡ አንድ መስመር መሰረዝ ነው። ለዚህ የሚጠየቀው በመዝገቡ ላይ ያለ ፈቃድ እንጂ በዶሴው ላይ ያለው አይደለም። እኔ ዶሴውን ቆልፌ መዝገቡን ክፍት ትቼ ነበር።

መዳኔም ከዚሁ አሠራር መጣ። አንድ አይኖድ ብዙ ስሞች ሊኖሩት ይችላል፤ ብዛታቸውንም ይቆጥራል። ከወራት በፊት፣ ረጅሙን አድራሻ መጻፍ ሰልችቶኝ፣ በራሴ ዳይሬክቶሪ ለዚያው ፋይል ሁለተኛ ስም ሰጥቼው ነበር። ስለዚህ ቆጠራው ከሁለት ወደ አንድ ወረደ እንጂ መረጃው አልተነካም። ቦታው የሚለቀቀው ቆጠራው ዜሮ ሲደርስና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሳይኖር ነው። ዲስኩ ቢበላሽ ሁለቱም ስሞች አብረው ይጠፉ ነበርና ይህን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ አትቁጠሩት።

ለጋራ ዳይሬክቶሪ መፍትሔው ስቲኪ ቢት የሚባለው ምልክት ነው። ይህ ምልክት ባለበት ዳይሬክቶሪ ስም ለመሰረዝ የፋይሉ ወይም የዳይሬክቶሪው ባለቤት፣ አለዚያም የሥርዓቱ አስተዳዳሪ መሆን ያስፈልጋል። ሁሉም የሚጽፍበት ቴምፕ የተባለው ጊዜያዊ ዳይሬክቶሪ ይህ ምልክት አለው፤ ፈቃዶቹን ዘርዝራችሁ ብትመለከቱ በመጨረሻ የምታገኟት ትንሿ «ቲ» እርሷ ናት።