ታላላቅ አናብርትና የውቅያኖስ ሲሳይ

በዕለተ ሐሙስ ከተፈጠሩት የባሕር እንስሳት ሁሉ በግዝፈቱ አቻ የማይገኝለት ሰማያዊው ዓሣ አንበሪ፣ ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር፣ ክብደቱም ከ150 ቶን በላይ የሚደርስ ሆኖ ሳለ፣ ሲሳዩ ግን ከሰው ጣት የማይበልጠው ክሪል የተባለው ሽሪምፕ መሰል ፍጡር መሆኑ፣ ሥነ ፍጥረትን ለሚመረምር ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው በረዷማ ውቅያኖስ እነዚህ አናብርት ቀድሞ እጅግ በዝተው ይኖሩ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ካርል አንቶን ላርሰን የተባለ ኖርዌያዊ የመርከብ አዛዥ በደቡብ ጆርጂያ ደሴት፣ ግሪትቪከን በተባለው ወደብ የአደን ጣቢያ ካቋቋመ በኋላ ግን፣ መርከበኞች ፈንጂ በተጠመደበት ጦር እየወጉ ጎትተው የሚያመጡት አንበሪ ስቡ እየተገፈፈና በታላላቅ ጋን እየተቀቀለ፣ ለመብራትና ለሳሙና፣ ኋላም ለማርጋሪን የሚሆን ዘይት ይወጣው ጀመር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትማ ስቡ ብቻ ተወስዶ የቀረው በድን በወደቡ ላይ እየተንሳፈፈ እንዲበሰብስ ይተው ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ባሕሮች የተገደሉት ታላላቅ አናብርት 2.9 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ የአደኑን መዛግብት የመረመሩ ሊቃውንት ጽፈዋል።

በላተኛው ሲጠፋ ክሪሉ ይበዛል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ነገር ግን፣ የባሕሩ በረዶ መሳሳት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ በደቡብ አትላንቲክ በኩል ክሪሉም እየተመናመነ ሄደ። ምስጢሩ ያለው ከብረት ላይ ሳይሆን አይቀርም። ጆን ማርቲን የተባለው አሜሪካዊ የባሕር ሊቅ እንዳስረዳው፣ በዚያ ውቅያኖስ ያሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ዕፀዋት ሌላው ምግብ ሁሉ ሞልቶላቸው ሳለ የሚጎድላቸው ጥቂት ብረት ነው፤ አንበሪውም ክሪሉን ውጦ ሲያበቃ ከባሕሩ ገጽ አጠገብ የሚጥለው ዓይነ ምድር፣ ቀላ ያለ ደመና መስሎ በውኃው ላይ ሲሰራጭ፣ በውስጡ ያለው ብረት ከአካባቢው ውኃ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያህል የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬ ማሳውን በፍግ እንደሚያደልብ፣ አንበሪውም ለሚበላው ክሪል ምግብ የሚሆኑትን ዕፀዋት ራሱ ያለመልም ነበር ማለት ነው።

እነዚሁ ረቂቃን ዕፀዋት ሲለመልሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይስባሉ፤ ሲሞቱም ከፊሎቹ ካርቦኑን ይዘው ወደ ጥልቁ ይሰጥማሉ። በደቡብ ውቅያኖስ የሚኖሩ 12,000 ያህል ስፐርም የተባሉ አናብርት በዚህ መንገድ በየዓመቱ 400,000 ቶን ካርቦን ወደ ጥልቁ እንደሚያወርዱ፣ በትንፋሻቸው የሚያወጡት ግን የዚህን እኩሌታ ብቻ እንደሆነ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

ሆኖም ነገሩን ከልኩ አሳልፎ ማጋነን አይገባም። የሰው ልጅ ከከሰልና ከነዳጅ ብቻ በዓመት ከ35 ቢሊዮን ቶን የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቃል፤ ከምናወጣው ሁሉ ሩቡን ያህል፣ ከተጨማሪው ሙቀትም ከመቶ ዘጠና የሚበልጠውን ተሸክሞልን የቆየው ውቅያኖሱ ራሱ ነው፤ አንበሪው በዚህ ታላቅ ሥራ ትንሽ ረዳት እንጂ ለጥፋታችን ቤዛ አይደለም። አናብርቱ ይመለሱ እንጂ እሳታችንን አንቀንስም የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

የንግድ አደኑ በ1986 ከታገደ ወዲህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል፤ በምዕራባዊው ደቡብ አትላንቲክ፣ ሃምፕባክ የተባሉት አናብርት በአደኑ ዘመን ከወረዱበት 450 ገደማ ተነሥተው ወደ 25,000 ደርሰዋል። የአንታርክቲካው ሰማያዊ አንበሪ ግን ከቀድሞው ብዛቱ እጅግ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ይኖራል። ዛሬ ደግሞ ሌሎች መርከቦች ለዓሣ እርባታ መኖና ለመድኃኒት ቤት ዘይት ሲሉ በዚያው ባሕር ክሪሉን በመረብ ያፍሳሉ፤ በየዓመቱ የሚያፍሱት ልክ ሲወሰንም፣ ለአናብርቱ የሚገባው ሲሳይ አስቀድሞ ሊቆረጥ እንጂ የተረፈው ሊጣልላቸው አይገባም።