ችግኝን ከውርጭ ማሳለፍ፦ የተጣሉ ዕቃዎች ለአጥቢያ ጓሮ አትክልት

በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመሳሰሉት የአገራችን ደጋማ ቦታዎች ከኅዳር እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ በመደብ ላይ የበቀለውን ለጋ ችግኝ በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ውርጩ እስኪያልፍ ጠብቆ የሚዘራ አጥቢያ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጓሮው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለአብነት ተማሪዎችና ለነዳያን ማዕድ አትክልት የሚያለማ ሰበካ ጉባኤ ችግኙን በቤት ውስጥ፣ በተጣሉ ዕቃዎች እንዲያፈላ እንመክራለን። የእነዚህ ዕቃዎች ዋና ጥቅም ያለ ዋጋ መገኘታቸው ብቻ ሳይሆን ተነሥተው መዛወር መቻላቸው ነው፤ ማታ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ጠዋት ወደ ፀሐይ ይወጣሉ።

በንግሥ በዓል ማግሥት በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ወድቀው የሚቀሩት የውኃ ፕላስቲኮች ለሥራው ይበቃሉ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ የእርጎ ኩባያና አሮጌ የዘይት ጀሪካንም ከምእመናን ቤት ሊሰበሰቡ ይችላሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም ፈጽሞ አይወሰድ። ፕላስቲኩ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተለክቶ ይቆረጥ፤ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በጋለ ምስማር ከታች ከ4 እስከ 6 ቦታ ይበሳ። ቀዳዳ ከሌለው ውኃ ያቁርና ሥሩን ያበሰብሳል።

ለአፈሩ 2 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ በሚገባ የበሰለ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ተነፍቶ ይደባለቅ። ዘሩ የውፍረቱን 2 ወይም 3 እጥፍ ያህል ብቻ ይቀበር። ጎመን በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ቲማቲም ከ6 እስከ 10 ባሉት ቀናት ይበቅላል፤ ቃሪያ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ካሮት መዛወር ስለማይስማማው በቀጥታ በመደብ ላይ ይዘራ።

ከበቀለ በኋላ ችግኙን የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የብርሃን ማነስ ነው፤ በጨለማ ክፍል የቆየ ችግኝ ቀጥኖና ገርጥቶ ወደ ላይ ይመዘዛል። ሁለተኛው የውኃ መብዛት ነው፤ ግንዱ በአፈሩ ልክ ይበሰብስና ችግኙ ይወድቃል። ክዳኑ በተበሳሳ ፕላስቲክ ጠዋት ጠዋት ማርከፍከፍ፣ አፈሩ ርጥበት ካለው ግን መተው ይገባል።

በታኅሣሥ መጨረሻ የተዘራ ጎመንና ቲማቲም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ ውርጩ ሲቀንስ ለመደብ ይደርሳል። ከመተከሉ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀናት ውጭ የሚቆይበትን ሰዓት ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማለማመድ፣ ከዚያም ፀሐይ ስትበርድ መትከል ይበጃል። ውኃ ካልተጓደለበት የጎመኑ ቅጠል በዐቢይ ጾም፣ ቲማቲሙ ደግሞ በጾመ ሐዋርያት ለማዕድ ይውላል።

ይህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ የማይጓደል ተረኛ ይፈልጋል። ዕቃዎቹን ማስገባት አንድ ማታ ቢረሳ የአንድ ወር ድካም በከንቱ ይቀራል። ስለሆነም ኮሚቴው ዘር ከመግዛቱ አስቀድሞ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከአብነት ተማሪዎች ጋር ተመካክሮ የየማታውን ተረኛ በስም ይመድብ።