ሕመሙ ከእግር፣ ዝንጋታው ከአእምሮ፦ የሰውነት መቆጣትና ድባቴ ምን ያገናኛቸዋል?

በእስቴ፣ በስማዳም ሆነ በጋይንት ገጠር በየመንደሩ የሚታወቅ ሰው አለ። አምና ጎበዝ አራሽ የነበረ፣ ዘንድሮ ግን ማረሻውን ከማሳ ጥሎ የሚመጣ፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበትን ቀን የሚዘነጋ፣ በዕድር ስብሰባ የሰማውን ከቤቱ ሳይደርስ የሚረሳ ሰው ነው። ጎረቤት “ሰነፈ” ይለዋል። ቤተሰቡ “ምን ነካው?” እያለ መንስኤውን ከሰውም ከመንፈስም ሲፈልግ ይከርማል። ራሱ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ “ልቤ ደከመ” ይላል።

አማርኛ ማስታወስንና ማስተዋልን ከልብ ጋር ማቆራኘቱ የታወቀ ነው። ያስተዋለ ሰው “ልብ አለ” ይባላል፤ የዘነጋም “ልብ አላለም” ይባላል። ሐሳብን ከሥጋ ነጥሎ ያለማየት ልማድ በቋንቋው ውስጥ አለ ማለት ነው። የአእምሮ ሕክምና ሳይንስም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በራሱ መንገድ ወደዚሁ ተጠግቷል። በድባቴ የሚታየው የማሰብና የማስታወስ ድካም፣ ቢያንስ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ፣ ከሰውነት መቆጣት ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳዩ ማስረጃዎች ተከማችተዋል።

ድባቴ ለአንድና ለሁለት ቀን የሚሰማ ድብርት አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው የቀኑ ክፍል የሚዘልቅ ሐዘን ወይም ለነገሮች ሁሉ ፍላጎት ማጣት ሲኖር፣ ከዚያም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሲከፋም ሞትን መመኘት ሲታከልበት ሐኪሞች ሕመም ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን በማሰብ ችሎታ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ታማሚው ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ የተነገረውን ለመያዝ ይቸገራል፤ በሬውን ልሽጥ ወይስ ላቆይ የሚለውን ውሳኔ ለሳምንታት ያንከባልለዋል። ይህ ችግር ሐዘኑ ከለቀቀ በኋላም በብዙዎች ላይ ይቆያል። “ድኗል፣ ይስቃል፣ ይጫወታል” የተባለ ሰው አሁንም ቀጠሮ ሲስት ቢታይ ከስንፍና መቁጠር የማይገባው ለዚህ ነው።

መቆጣት፣ በሕክምናው አነጋገር ብግነት፣ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። እሾህ የወጋው እግር ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ይህን የሚያደርገው እሾሁ ብቻ አይደለም፤ የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ሲሰበሰቡ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። እነዚህ መልእክተኞች እንደ ክተት ነጋሪት ናቸው፤ ጥሪያቸው ከቁስሉ አልፎ በደምና በነርቭ በኩል አንጎል ይደርሳል። አንጎልም ትእዛዝ ይሰጣል፦ ተኛ፣ አትብላ፣ ከሰው ራቅ፣ ጉልበትህን ቆጥብ። የታመመ በሬ ከመንጋው ተለይቶ፣ ማመስኳቱን ትቶ፣ ራሱን ደፍቶ ሲቆም ያየ ሰው ይህንኑ ትእዛዝ አይቷል። ለጥቂት ቀናት ከሆነ ጠቃሚ ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ሕመሙን ለመዋጋት ይውላል። አደጋው ነጋሪቱ መጎሰሙን ሳያቋርጥ ለወራትና ለዓመታት ሲቀጥል ነው።

የእነዚህ መልእክተኞች ኃይል በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ናት። በቅማል የሚተላለፈውና በየጊዜው የሚያገረሸው ትኩሳት በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የድኃውን ሕይወት ሲቀጥፍ የኖረ በሽታ ነው። ሕመሙ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ብዙዎቹ ሕሙማን በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትኩሳታቸውም ይንራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ይፋ በሆነ ጥናት ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ሐኪሞች 49 ሕሙማንን ተከታተሉ። ለ20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ አስቀድሞ ቲኤንኤፍ የተባለውን መልእክተኛ የሚያግድ፣ ከበግ ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ተሰጣቸው። ይህ ካልተሰጣቸው 29 ሕሙማን 26ቱን ያ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያዛቸው፤ ከተሰጣቸው 20 ግን 10ሩን ብቻ። ተህዋሲው አንድ፣ ፔኒሲሊኑም አንድ ነው፤ የተለየው የመልእክተኛው መታገድ ነበር። ጥናቱ ስለ ድባቴ አልነበረም። ሕመምተኛን ከሚያሠቃየው ነገር ትልቁ ድርሻ የሰውነት የራሱ የማንቂያ ጥሪ መሆኑን ግን በማያሻማ መንገድ አሳይቷል።

ያው ጥሪ ስሜትንና ሐሳብን እንደሚነካ የታወቀው በሌላ መንገድ ነው። ለሄፐታይተስ ሲ ሕክምና ለዓመታት ያገለገለው ኢንተርፌሮን የሰውነትን የመከላከል ጥሪ ሆን ብሎ የሚያጎላ መርፌ ነበር። ከወሰዱት ሕሙማን ከአራቱ አንዱ ገደማ በሕክምናው ሂደት በድባቴ ተይዘዋል፤ ብዙዎችም “ሐሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ” ሲሉ አማርረዋል። ዛሬ በሽታው በሚዋጡ ክኒኖች ስለሚታከም ይህ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል። በ2014 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ለ20 ጤነኛ ሰዎች የታይፎይድ ክትባትና ምንም መድኃኒት የሌለው መርፌ በተለያየ ቀን ተሰጣቸው፤ ከሰዓታት በኋላም በኮምፒውተር በተሠራ ሥፍራ ውስጥ ዕቃ የተቀመጠበትን ቦታ እንዲያስታውሱ ተደረገ። ክትባቱን በወሰዱበት ቀን የቦታ ትውስታቸው ደከመ፤ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍልም ስኳር የመጠቀም አቅሙ ቀነሰ። ይህ ከክትባት ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። ለውጡ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ታይፎይድ ራሱ የሚያስነሳው ብግነት ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ቁም ነገሩ ትንሽ መቆጣት እንኳ ጤነኛን ሰው “ዕቃውን የት አስቀመጥሁት?” ማሰኘቱ ላይ ነው።

ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ የሚሆነውን በብዙ መንገድ ያስረዳሉ። አንዱ ከምግብ ከሚገኘው ትሪፕቶፋን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ይያያዛል። አንጎል ከእርሱ ስሜትን የሚያረጋጋውን ሴሮቶኒን ይሠራበታል፤ ብግነት ሲበረታ ግን ንጥረ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራና ከሚመነጩት ውስጥ አንዳንዶቹ የነርቭ ሴሎችን ይጎዳሉ። ሌላው ተነሳሽነትን የሚሰጠው የዶፓሚን ሥርዓት መዳከም ነው። “መነሳት አቃተኝ” የሚለው ቃል ሰበብ ሳይሆን የአካል ሁኔታ መግለጫ ሊሆን የሚችለው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ድባቴ ሁሉ ከብግነት አይመጣም። ጉበት የሚያመነጨውና የብግነትን መጠን ከደም የሚያሳየው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በተለካባቸው በርካታ ጥናቶች በድምሩ ሲታይ፣ ከፍ ብሎ የተገኘው በድባቴ ከተያዙት ከአራቱ በአንዱ ገደማ ነው። በ2013 በአሜሪካ አትላንታ መድኃኒት አልመልስ ላላቸው 60 የድባቴ ሕሙማን ያንኑ ቲኤንኤፍ የሚያግድ መድኃኒት የተሞከረበት ጥናት ውጤትም አስተማሪ ነው። በጥቅሉ ሲታይ መድኃኒቱ ከባዶ መርፌ አልበለጠም። በደማቸው ውስጥ ያ ፕሮቲን በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ በነበረው ሕሙማን ላይ ግን የተሻለ የመሥራት አዝማሚያ አሳየ። ድባቴ በብዙ በር የሚገባ ሕመም ነው፤ ድህነት፣ ሐዘን፣ መፈናቀል፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ሁሉ በሮች ናቸው። ብግነት አንዱ በር ነው። ደግሞም መንገዱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ የረጅም ጊዜ ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ራሳቸው ብግነትን ያባብሳሉ።

ይህ ሁሉ ለደጋውና ለወይና ደጋው አርሶ አደር ሩቅ ወሬ እንዳልሆነ የሚያሳየው እግር ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት መሄድ የሚያመጣው፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት (ፖዶኮኒዮሲስ) በአማራ ክልል ከፍታ ቦታዎች ብዙ ሰው ይጎዳል። ያበጠው እግር በየጊዜው “ይነሳል”፤ ይግላል፣ ይቆጣል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ሙሉ ብግነት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ተሠርቶ በ2016 የወጣ ጥናት ከእነዚህ ሕሙማን 12 ነጥብ 6 በመቶው ላይ ከፍተኛ የድባቴ ምልክት አግኝቷል፤ በጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ላይ ግን 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። ጥናቱ የብግነቱን ድርሻ ከመገለልና ከድህነት ለይቶ አልለካም። ከጋብቻና ከማኅበር የሚያርቅ እፍረት ብቻውን ሰውን ሊሰብር ይችላል። ቢሆንም እግሩ በየወሩ የሚነሳበት ሰው ሦስቱንም በአንድ ላይ ይሸከማል።

መልካሙ ዜና በዚሁ ክልል መገኘቱ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 የእግር እብጠት ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ግማሾቹ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ተምረው ወዲያው እንዲጀምሩ አደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥ እነርሱን ሕመሙ የተነሳባቸው በአማካይ ወደ 19 ጊዜ ሲሆን፣ ሕክምናውን ገና የሚጠብቁትን ግን ወደ 24 ጊዜ ነበር። ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባትና ጫማ ነጋሪቱን በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ጸጥ አሰኙት ማለት ነው። አልጋ ላይ የማይዋልባቸው ቀናት ደግሞ በእርሻ ወቅት ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ተነስቶ “እንግዲያው ብግነት የሚቀንስ ክኒን ልዋጥ” ማለት ስሕተት ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ለድባቴ ሕክምና ተብለውም አልተፈቀዱም። መርሳትና ድካም ከሌላ ሕመም ሊመጡ እንደሚችሉም መታወቅ አለበት። የደም ማነስና ከእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ የሚመጣ ችግር ድባቴን ይመስላሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም።

ስለዚህ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው “ራሴን ያመኛል፣ ይደክመኛል” ብሎ ብቻ እንዳይመለስ ይመከራል። እንቅልፍ ማጣቱን፣ መርሳቱን፣ ፍላጎት ማጣቱን ጨምሮ ሊናገር ይገባዋል፤ ባለሙያው ካልተነገረው ታይፎይድና ጨጓራ ሲፈልግ ሊውል ይችላል። ሥር የሰደደ ቁስል፣ የቆየ ሳል፣ የሚነሳ እግር ካለም አብሮ ይነገር። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነው ወደ መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ይላካል። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን “አልሠራልኝም” ብሎ መጣል፣ ሲሻልም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሰዋል። የምክር ሕክምናም እንዲሁ ጊዜ ይጠይቃል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ቤተሰብም የሚያደርገው አለው። ታማሚው በሚደክምበት ሰሞን አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ መስጠት፣ የቀጠሮን ቀን ተማሪ ልጅ ግድግዳ ላይ እንዲጽፈው ማድረግ፣ መሬት ማከራየትን ወይም ከብት መሸጥን የመሰለ ትልቅ ውሳኔ እስኪሻለው ማዘግየት ይረዳል። አረቄ ግን ለጊዜው ያስረሳ ይመስላል እንጂ እንቅልፍንም ማስታወስንም ያበላሻል።

ታማሚው “ብሞት ይሻለኛል” ማለት ከጀመረ ብቻውን እንዳይተው፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በቤት ያለ የፀረ ተባይ ኬሚካልም ሳይውል ሳያድር ከቤት ወጥቶ፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።