ለእያንዳንዱ ማሳ የየራሱ ልክ

የጤፍ ዱቄት ሁሉ እኩል ውሃ አያነሳም። ሊጥ ያቦካ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ እያየ ይጨምራል እንጂ በደፈናው አይደፋም። ጤፉ የበቀለበት ማሳ ግን ለብዙ ዓመታት እንዲህ አልታየለትም። ዋልካም ሆነ ቀይ አፈር፣ ምክሩ አንድ ነበር፦ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ።

አፈሩ ሲመረመር

እ.ኤ.አ. በ2012 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የአገሪቱን የአፈር ለምነት ካርታ የማዘጋጀት ሥራ ጀመረ። ዳፕና ዩሪያ የሚሰጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ የአፈር ናሙናዎቹ ግን በብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚጎድሉ አሳዩ። በዳፕ ፈንታ ሰልፈር ያለበት ኤን.ፒ.ኤስ. የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ስለሚይዝ፣ በውድ የተገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። እንዲህ ላለው ማሳ ቀድሞ የሚያስፈልገው ኖራ ነው።

ድሮን ብቻ አይደለም

ባለሙያዎች ይህን አሠራር ፕሪሲዥን ግብርና ይሉታል፤ ትክክለኛውን ግብዓት በልኩ፣ በጊዜውና በቦታው መስጠት ማለት ነው። ሰፋፊ እርሻዎች ሳተላይትና ድሮን ይጠቀማሉ። ግማሽ ሄክታር ላለው ገበሬ ግን የአፈር ምርመራና የማሳውን አቀማመጥ ማወቅ ብዙ ይረዳል። በደጋማ አካባቢዎቻችን በስንዴ ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ከተዳፋቱ ግርጌ ያለ ማሳ ለማዳበሪያ ከላይኛው የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል።

እርስዎን ምን አገባዎት?

ያለ ልክ የተጨመረ ማዳበሪያ የገበሬውን ወጪ ይጨምራል፤ ወጪውም ዞሮ ዞሮ ወደ ገበያ ይመጣል። ሰብሉ ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን በዝናብ ታጥቦ ወንዝና ሐይቅ ይገባል፤ ከፊሉም አየር ንብረትን የሚያሞቅ ጋዝ ይሆናል።

ገጠር የሚያርሱ ወላጆች ወይም ዘመዶች ካሉዎት፣ ለማዳበሪያ ገንዘብ ሲልኩ አንድ ጥያቄ ያክሉ፦ «አፈሩ ተመርምሯል?» ካልተመረመረ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ እንዲያማክሩ ይንገሯቸው።

በግቢዎ ጎመን ከተከሉም ቅጠሉን ይመልከቱ። ቢጫነቱ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ ናይትሮጅን ሳያንሰው አይቀርም፤ ከላይ ከለጋው ከጀመረ ደግሞ ሰልፈር ወይም ብረት ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይዩ።